ዕቃው ደርሷል፣ ትራክተሩ ግን አልነሳም ብሏል

ኅዳር መጨረሻ ላይ አርሲ ነበርኩ። ስንዴው ደርሷል። ኮምባይነሩ ግን ማሳው መሃል ቆሟል። ያቆመችው አንዲት ኩሽኔታ ናት፤ መዳፍ ላይ የምታርፍ። የማሽኑ ባለቤት ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎ አዲስ አበባ ካለ መለዋወጫ ሻጭ ጋር ያወራል። ዙሪያውን የቆምነው ሁላችንም እንሰማለን።

«ጋሼ፣ ኦርጅናሉ የለም። ከታዘዘ ቆይቷል፣ ዶላር እየተጠበቀ ነው። የሌላ አገሩን ልላክልዎት?»

«የሌላ አገሩ ስንት ቀን ይሠራል?»

«እሱን እንኳ አላውቅም፣ ጋሼ።»

ሰውየው ሳቀ። እየሳቀ ቀና ብሎ ደመናውን ያያል። ኮምባይነር የሚያከራይ ሰው የሚከፈለው ባጨደው ኩንታል ነው፤ ማሽኑ ካልዞረ ገቢ የለም። ዝናቡ ከቀደመ ደግሞ ባለማሳውም አብሮ ከሰረ።

መጨረሻው ደህና ሆነ። መካኒኩ ከሌላ የቆመ ማሽን ላይ አሮጌ ኩሽኔታ ፈታ። ልኩ አልገጥም ሲል አሰላ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስተካከለው። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሞተሩ ተነሳ። ቁልፍ፣ መዶሻ፣ ግራሶ፣ በቃ። ማንንም አላስፈቀደም።

«ማንንም አላስፈቀደም» የምትለዋን ያዙልኝ። የዛሬው ጉዳይ ስለ እሷ ነው። እኛ አገር «መለዋወጫ ጠፋ» ሲባል ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን መደርደሪያው ሞልቶ፣ ዕቃው በአንድ ሌሊት ደርሶ፣ ገበሬው ራሱ ገጥሞት ማሽኑ የማይነሳበት ሁኔታ አለ። ይህ ነገር ለዓመታት አጨቃጭቆ ፍርድ ቤት ደርሷል። ገበሬዎቹ፣ አምራቹና ወኪሎቹ የተናነቁበትን ይህን ጉዳይ ከሥሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

አረንጓዴው ማሽን

አምራቹ ጆን ዲር ነው። አረንጓዴና ቢጫ ቀለሙን እኛ አገርም ማሳ ላይ የምናውቀው። ድርጅቱን በ1837 የጀመረው ኢሊኖይ ውስጥ ግራንድ ዲቱር በምትባል ትንሽ ቦታ የሚኖር አንጥረኛ ነበር። የአካባቢው አፈር የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬው በየጥቂት እርምጃው ቆሞ ማረሻውን ይጠርግ ነበር። አንጥረኛው አፈር የማይዘው የብረት ማረሻ ሠራ። የዛሬው ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ኢሊኖይ፣ ሞሊን ከተማ ነው።

ድርጅቱ ለገበሬው በቀጥታ አይሸጥም። የሚሸጠው፣ የሚጠግነውና መለዋወጫ የሚያቀርበው ወኪሉ ነው። ድሮ ወኪሉ የሰፈር ሰው ነበር። ልጆቹ ከገበሬው ልጆች ጋር ይማራሉ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። እየቆየ ግን ትንንሾቹ በትልልቆቹ ተገዙ። የሱቁ ታፔላ አንድ ቢሆንም ባለቤቱ ሌላ ከተማ ያለ፣ አሥር አሥራ አምስት ቅርንጫፍ የያዘ ኩባንያ ሆነ። አንዱ ወኪል ያስቀየመው ገበሬ ወደ ሚቀጥለው ከተማ ነድቶ ሲሄድ የሚያገኘው ያንኑ ድርጅት ነው። የደንበኛ አገልግሎት የሚባለው ነገር የሚሞተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሻጭ ትሁት የሚሆነው ደንበኛው ሌላ ቦታ መሄድ ሲችል ነው።

አሁን አንድ ብልሽት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተል።

ገበሬው በቆሎ እያጨደ ነው። ስክሪኑ ላይ ምልክት ይበራል። ከሥሩ መሃሉ ላይ ነጥብ ያለው ረጅም ቁጥር ይመጣል። ይህ የብልሽት ኮድ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ማሽኑ ያነክሳል። ምንም የተሰበረ ነገር የለም። የደረቀ ቺንጋ፣ የፈሰሰ ዘይት አይታይም። ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚመጣው ከጭስ ማጽጃው በኩል ነው። አዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ጭሳቸውን የሚያጸዱት በዩሪያ ፈሳሽ ነው። አዎ፣ ያ በማዳበሪያነት የምናውቀው ዩሪያ፤ ከፈሳሹ 32.5 በመቶው እሱ ነው፣ የቀረው ውሃ። ይህን የሚቆጣጠሩት ሴንሰሮች ናቸው። አንዱ ሴንሰር ከተሳሳተ፣ ወይም የተሳሳተ ከመሰለው፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ያንቀዋል።

ገበሬው ወደ ወኪሉ ይደውላል። የመለዋወጫ ባንኮኒ ላይ ያለው ሠራተኛ የዕቃውን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ያያል። ዕቃው እዚያው ሱቅ ውስጥ ከሌለ ከሞሊን አጠገብ ማይላን በምትባል ከተማ ድርጅቱ ግዙፍ የመለዋወጫ መጋዘን አለው። ማታ ተጭኖ ጠዋት ሊደርስ ይችላል። እዚህ ድረስ እኛ የምንቀናበት አገልግሎት ነው። ይሄን ለአርሲው ሰውዬ ብነግረው «ታዲያ ምን ያለቅሳሉ?» ባለኝ ነበር።

የሚያለቅሱት ቀጥሎ በሚመጣው ነው። ለምሳሌ ዕቃው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ከሆነ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። ለማሽኑ «ይህ አዲሱ ነው፣ ተቀበለው» የሚል ትእዛዝ መሰጠት አለበት። ትእዛዙን የሚሰጠው ሰርቪስ አድቫይዘር የሚባል ሶፍትዌር ነው። ሙሉው ሶፍትዌር ያለው ደግሞ ወኪሎቹ ዘንድ ብቻ ነበር። ለገበሬውና ለግል መካኒኩ የሚሸጥ ሌላ ዓይነት አለ፤ ኮድ ያነባል፣ መመሪያ ያሳያል፣ ብዙውን ዋና ሥራ ግን አይሠራም። ልክ ሐኪም በሽታህን ነግሮህ መድኃኒቱን ከልክሎ እንደሚያሰናብትህ ነው።

ስለዚህ ገበሬው ላፕቶፕ የያዘ የወኪል ቴክኒሻን ይጠብቃል። ቴክኒሻኑ ደግሞ ወረፋ አለበት። ሲመጣ የመንገዱ ይከፈላል፣ የሰዓቱ ይከፈላል። ገመዱን ይሰካል፣ ጥቂት ይጫናል፣ ማሽኑ ይነሳል። ሥራው አጭር ነው፤ ያለቀው ቀን ግን አይመለስም።

እዚህ ላይ ለወኪሉም ፍትሐዊ እንሁን። የገጠር ወኪል ሠራተኛ አያገኝም። ጥሩ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ወጣት ከተማ ገብቶ ሌላ ሥራ ይሠራል። ማሽኖቹ ሁሉ የሚበላሹት ደግሞ በሚሠሩበት በዚያው ሦስትና አራት ሳምንት ነው። በጥር ወር ያለ ሥራ የሚቀመጥ ቴክኒሻን በጥቅምት ለሃያ ሰው አይዳረስም። ባንኮኒው ላይ ቆሞ ስድብ የሚጠግበው ልጅም ሶፍትዌሩን የዘጋው እሱ አይደለም። ግን ችግሩ ይኸው ከሆነ፣ መልሱ ላፕቶፑን ለሌላውም መካኒክ መፍቀድ ነበር። ያልተፈቀደው ለምንድን ነው?

አንድ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ከ2013 እስከ 2019 ባለው ጊዜ የድርጅቱ የማሽን ሽያጭ 19 በመቶ ወርዶ 23.7 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። በዚያው ጊዜ የመለዋወጫ ሽያጩ 22 በመቶ ወጥቶ 6.7 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ገበሬው አዲስ መግዛት ሲያቅተው አሮጌውን ያስጠግናል። የጥገናው በር አንድ ብቻ ከሆነ ገንዘቡ በዚያው በር ይገባል። ድርጅቱ ሌላ ምክንያት ይሰጣል፤ እመለስበታለሁ።

ቃል፣ እንደገና ቃል

የጭቅጭቁ አካሄድ እንደ እኛ አገር የቀበሌ ጉዳይ ነው። ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና።

በ2015 የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ባለንብረቱ የራሱን ትራክተር ለመጠገን ሶፍትዌሩን ቢነካ እንደ ወንጀል አይቆጠርበትም ተባለ። በ2016 ድርጅቱ ገበሬው የሚስማማበትን የፈቃድ ውል ቀየረና ሶፍትዌሩን መንካት ከለከለ። ሕጉ «ትችላለህ» ይላል፣ ውሉ «አትችልም» ይላል። ማሽኑን ገዝተሃል፣ ውስጡ ያለውን ግን ተከራይተሃል እንደማለት ነው።

ገበሬ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ2017 እንደተዘገበው የአሜሪካ ገበሬዎች ዩክሬን ውስጥ ቁልፉ ተሰብሮ የሚሸጥ የጥገና ሶፍትዌር በኢንተርኔት እየገዙ ይጠቀሙ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ማሽን የገዛ ሰው፣ ለማስነሳት ሲል በጓሮ በር ሶፍትዌር ይፈልጋል። ሶማሌ ተራ ላይ «ኦርጅናል መሳይ» ከሚገዛው ሰው በምን ይለያል?

በ2018 የአምራቾችና የወኪሎች ማኅበራት ቃል ገቡ። እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ የጥገና መመሪያና መሣሪያ ለገበሬው እናቀርባለን አሉ። ቀኑ ደረሰ። ሸማቾችን የሚወክል ቡድን ወኪሎች ጋ እየደወለ ጠየቀ። ከተደወለላቸው አብዛኞቹ የምርመራ ሶፍትዌር አንሸጥም አሉ። ላይ ቤት የተገባ ቃል ታች ቤት ሳይደርስ መቅረቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኛም እናውቀዋለን።

ጥር 2022 ላይ ክስ ተጀመረ። የሰሜን ዳኮታ እርሻ ድርጅት ጨምሮ ገበሬዎች በተለያየ ቦታ ከሰሱ። ክሶቹ ተጠቃለው ኢሊኖይ ሮክፎርድ ላለ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ለዳኛ ኢየን ጆንስተን ተሰጡ። የክሱ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ድርጅቱ የጥገናውን ገበያ በሶፍትዌር ቆልፎ ለራሱና ለወኪሎቹ አድርጎታል የሚል።

በዚያው ዓመት ሁለት ነገሮች ሆኑ፤ ከፍርድ ቤቱ ውጭ ናቸው ግን ነገሩን ከማንኛውም ማስረጃ በላይ አሳዩ። የሩሲያ ወታደሮች ሜሊቶፖል በምትባል የዩክሬን ከተማ ካለ ወኪል ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ማሽን ዘርፈው ወሰዱ። አንዳንዱ ኮምባይነር ቼችኒያ ድረስ ተጓዘ። እዚያ ሲደርስ አልነሳም አለ፤ ከሩቅ ተቆልፏል። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ደስ ብሎኛል። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ሌባውን ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚያቆም ቁልፍ ባለቤቱንም ማቆም ይችላል። ሁለተኛው፣ ነሐሴ ላይ ላስ ቬጋስ በተካሄደ የሃከሮች ጉባኤ፣ ሲክ ኮድስ በሚል ስም የሚታወቅ ሰው የትራክተሩን ስክሪን ሰብሮ ገብቶ ዱም የተባለውን ጌም ተጫወተበት። ትራክተር ላይ ጌም! ቁልፉ ያን ያህል ብረት እንዳልሆነ ታየ።

ጥር 2023። ድርጅቱ ከትልቁ የገበሬዎች ማኅበር፣ ከአሜሪካን ፋርም ቢሮ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። መሣሪያና መመሪያ ይቀርባል ይላል። በምላሹ ማኅበሩ የጥገና መብት ሕግ፣ ማለትም አምራቹ መጠገኛውን ለባለቤቱ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ፣ እንዲወጣ ከመግፋት ይቆጠባል። ሰነዱ ሕግ አይደለም፤ ሕግ ከወጣ ደግሞ ከስምምነቱ መውጣት ይቻላል። ሽማግሌ ያስማማው ነገር ዋስ ከሌለው ምን ያህል እንደሚጸና እናንተው ታውቃላችሁ። ኮሎራዶ ሽምግልናውን አልጠበቀችም። ሚያዝያ 2023 ላይ ገዥዋ ጃሬድ ፖሊስ የመጀመሪያውን የእርሻ ማሽን ጥገና መብት ሕግ ፈረሙ፤ ከጥር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ሚኒሶታን ሳልጠቅስ አላልፍም፣ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩባት። እሷም በ2023 የጥገና መብት ሕግ አወጣች። ስልክ አለበት፣ ኮምፒውተር አለበት። የእርሻ ማሽን ግን ከሕጉ እንዲወጣ ተደረገ። የእርሻ አገር ሆና! ከሁለት ዓመት በኋላ ያችው ሚኒሶታ ከሳሽ ሆና መጣች። ጥር 2025 ላይ የገበያ ውድድርን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከኢሊኖይና ከሚኒሶታ ጋር ሆኖ ድርጅቱን ከሰሰ። በኋላ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና አሪዞና ተጨመሩ። ክሱ የተመሠረተው መንግሥት ሊቀየር ቀናት ሲቀሩት ነበር፤ ኮሚሽኑም 3 ለ 2 ተከፍሎ ነው የወሰነው። ብዙዎች አዲሱ አስተዳደር ይተወዋል ብለው ጠበቁ። አልተወውም። ይህም ክስ የደረሰው ለዳኛ ጆንስተን ነው፤ ሰኔ 2025 ላይ ድርጅቱ ክሱ እንዲዘጋለት ያቀረበውን ጥያቄ ውድቅ አደረጉ።

የድርጅቱ መልስ ምንድን ነው? ሦስት ነገር ይላል። ሶፍትዌሩ የፈጠራ ንብረቴ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ከነካው አደጋ ያመጣል። የጭስ ማጽጃውን የሚያጠፉ፣ የሞተሩን ጉልበት ከልኩ በላይ የሚጨምሩ አሉ። ሦስተኛው እውነት አለበት፤ እንዲህ የሚያደርጉ ገበሬዎች አሉ። ነገር ግን ነሐሴ 2023 ላይ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር በጻፉት ደብዳቤ የንጹሕ አየር ሕጉ ገበሬው ማሽኑን እንዳይጠግን መከልከያ እንዳልሆነ አስረዱ። ነሐሴ 2025 ላይ ደግሞ ይኸው መሥሪያ ቤት የዩሪያው ሲስተም ሲበላሽ ሞተሩን ድንገት ማነቅ ይቅር፣ ለመጠገኛ በቂ ጊዜ ይሰጠው ብሎ አምራቾች ሶፍትዌራቸውን እንዲያስተካክሉ ጠየቀ። ያ ገበሬውን ማሳ መሃል የሚያቆመው ነገር፣ በራሱ በተቆጣጣሪው ዓይን ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ሐምሌ 2025 ላይ ድርጅቱ አዲስ መሣሪያ አወጣ። ገበሬው በራሱ ላፕቶፕ ኮድ እንዲያነብ፣ እንዲመረምርና አንዳንድ መቆጣጠሪያዎችን ራሱ እንዲያስገባ ይረዳል። ዋጋው ለአንድ ማሽን በዓመት ከ195 ዶላር ይጀምራል። ለአንድ ማሽን ብዙ አይደለም፤ የቴክኒሻን የአንድ ጉዞ ክፍያም አይሞላም። አሥር ማሽን ላለው ሰው ግን 1,950 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ። ለራሱ ማሽን።

እኔን የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ይህ መሣሪያ በ2018 ቃል ሲገባ ቢመጣ ኖሮ ክስም ባልተነሳ ነበር። የዘገየው በቴክኖሎጂ እጥረት አይመስለኝም፤ ወኪሎቹ ሶፍትዌሩን ለዓመታት ሲጠቀሙበት ነበር።

ወደ እኛው

እኛ አገር ያለው ኮምባይነር አብዛኛው አሮጌ ነው። አርሲና ባሌ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ ስዊድኖች የጭላሎ ፕሮጀክትን ካገዙበት ዘመን ወዲህ፣ ማሽን ያውቃሉ። መካኒኮቹም አብረው ያደጉ ናቸው። ብረት ከሆነ ያበጁታል። ግን ነገሩ እየተቀየረ ነው። በ2019 መንግሥት የእርሻ ማሽን ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ፈቀደ፤ በሊዝም እየተገዛ ይገባል። የሚገባው አዲሱ ነው፣ ስክሪን ያለው፣ ሴንሰር ያለው። ሐምሌ 2024 ላይ የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ መለዋወጫው ዋጋው ሌላ ሆነ። ከእንግዲህ እኛን የሚጠብቀን የሁለቱ ድምር ነው፤ መደርደሪያውም ባዶ፣ ሶፍትዌሩም ዝግ።

የአርሲው ሰውዬ አዲስ ማሽን ለመግዛት አዲስ አበባ ሲመጣ አብሬው ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ጥሩ ልጅ ነው፣ ቡና አስመጣልን። ስለ ፈረስ ጉልበቱ ነገረን። ስለ ጋኑ። ስለ ካቢኑ ኤሲ፤ እውነት ለመናገር ኤሲው ደስ ይላል። ስለ ዋስትናውም አነበበልን። ሰውየው ጸጥ ብሎ ሲሰማ ቆየና ከመቀመጫው ሳይነሳ ጠየቀ።

«ልጄ፣ ይሄ ስክሪን ቀይ ቢያበራብኝ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣልኝ ሰው ስንት አላችሁ?»

«አንድ ልጅ አለን፣ ጋሼ። አሁን ባሌ ወጥቷል።»